የእህቷ ቲማቲምና የባሏ ግሪንሃውስ

ክፉ ባል ያገባች ሴት ቢያንስ መክሰስ ትችላለች። ሰክሮ ገባ፣ መታኝ፣ ቤቱን አራቆተው ብላ እናቷ ጓዳ ገብታ ብታለቅስ የሚሰማት አታጣም። ደግ ባል ያላት ሴትስ ምን ብላ ትክሰስ? «ለፋልኝ፣ ደከመልኝ፣ በገዛ እጁ ሠራልኝ» ብላ? ሰው ቢሰማት «ይቺማ ጠግባ ነው» ይላታል። እታበባ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ከዚህ ጣጣ ጋር ነው።

እታበባ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ከአጥሯ ሥር አበባ ጠፍቶ ስለማያውቅ። ባሏን ደግሞ ትልቅ ትንሹ ጋሽ ፍሪጅ ይለዋል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፍሪጅና የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በሙያው የሚስተካከለው የለም፤ ይሄን እሷም አትክድም። የተበላሸ ፍሪጅ ሲያቀርቡለት መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን አይደለም፣ የበሩን ጎማ ነው። ከኪሱ ቁራጭ ወረቀት ያወጣና በበሩና በጎማው መሀል አድርጎ ይዘጋበታል። ከዚያ ወረቀቱን ይስበዋል። ወረቀቱ ሸርተት ብሎ ከወጣ፣ «ያውላችሁ፣ ሌባው እዚህ ነው!» ይላል።

ለሱ የዓለም ችግር ሁሉ አንድ ነው፤ የሆነ ቦታ አየር ያስገባል። መኖሪያ ቤታቸው የገቡ ሰሞን የመስኮቱን ጠርዝ ሁሉ በጎማ ደፈነው፣ የበሩን ግርጌ ጨርቅ ቸነከረበት፣ የቁልፍ ቀዳዳዋን እንኳ አልማራትም፣ ክዳን ሠራላት። «እዚህ ቤት ብናስነጥስ ማስነጠሳችንም አይወጣ» ትላለች እታበባ እንግዳ ሲመጣ። እንግዳው ይስቃል። ባሏም ይስቃል፣ ምስጋና መስሎት።

እሷ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፣ ኮሌታ ሰፊ። ሸሚዝ ሰፊ አላልኩም፣ ኮሌታ። እጅጌው የሌላ ሰው ነው፣ ኪሱም የሌላ፣ ቁልፉም የሌላ። ከወጣትነቷ እስከ ጡረታዋ ኮሌታ ስትሰፋና ስትገለብጥ ኖራ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ሰው አይታ «ያንን ሸሚዝ የሠራሁት እኔ ነኝ» ብላ አታውቅም። ሥራውን ያስገባት ወንድሟ ነው። ባሉን ያመጣላት አባቷ ነው። ቤቱን የመረጠው ባሏ ነው። ጓሮው ብቻ ነው የሷ፤ እሱም ማንም ስላልፈለገው።

የአትክልት ፍቅር ያጋባባት ታላቅ እህቷ ናት። እህቷ ጓሮ አንድ የቲማቲም ዓይነት ነበር፣ ገበያ ዞረው ቢፈልጉት የማይገኝ። መልኩስ አያምርም፤ የተጨማደደ፣ ጎባጣ፣ ቀለሙም ወደ ሮዝ የሚያደላ። ሲቆርጡት ግን ውሃ የለውም፣ እንዳለ ሥጋ ነው፣ ጣዕሙም አፍ ላይ ይቆያል። እህትየዋ በየዓመቱ ከፍሬው መርጣ ዘር ታወጣለች፣ ታደርቃለች፣ ከዚያም ላይ ለታናሿ ቆንጠር አድርጋ ትሰጣለች። እህቷ ስትሞት ልጆቿ ቤቱን ሸጡት፤ የገዛው ሰው ጓሮውን በሲሚንቶ ለበደና መኪና አቆመበት። ከዚያ ወዲህ ያ ቲማቲም ያለው እታበባ ጋ ብቻ ነው።

አለ ከተባለ ነው እንግዲህ። ሰፈሩ ውርጭና ነፋስ የሚበዛበት ዳገት ላይ ነው። አንዱን ዓመት ውርጭ አቃጠለው። በቀጣዩ ዓመት ፍሬው ሊቀላ ሲል በረዶ ወርዶ ከነግንዱ ቀጠቀጠው፤ ለዘር የሚሆን አንድ እንኳ አልተረፈም። እጇ ላይ የቀረው በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ያስቀመጠችው የድሮ ዘር ነው። የቲማቲም ዘር ደግሞ ሲያረጅ አይበቅልም። ዘንድሮ ካልዘራችው ለከርሞ አፈር ነው፤ ሜዳ ላይ ከዘራችው ደግሞ ሰማዩን ታውቀዋለች። ስለዚህ ግሪንሃውስ፣ ተክል ከብርድና ከበረዶ የሚጠለልበት ቤት፣ ልግዛ ስትል የቅንጦት ነገር አምሯት አይደለም። እህቷን ሁለተኛ ላለመቅበር ነው።

መጀመሪያ ብቻዋን ሄደች። የእርሻ ዕቃ የሚሸጠው ሱቅ በማዳበሪያ ሽታ የታፈነ ነው፤ ባለሱቁ ግን ትዕግሥተኛ ሰው፣ ገበያም ቀዝቅዞበት ስለነበር ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«የመስታወቱን ይርሱት እናቴ» አላት። «አንድ ቀን በረዶ ከወረደ ስብርባሪውን ከአፈር ሲለቅሙ ይከርማሉ። ፋይበሩም ጠንካራ ነው፣ ግን ለትንሽ ጓሮ ይከብዳል። ይልቅ ይቺን ይዩአት።»

ያሳያት ከቀጭን ቧንቧ የተሠራች፣ ወፍራም ላስቲክ የለበሰች፣ ሁለት ሰው ቀጥ የሚያደርጋት ትንሽ ቤት ናት። ጣሪያዋ ላይ በገመድ የምትከፈት መስኮት አለቻት። እታበባ ገመዱን ሳብ አደረገች፤ መስኮቷ ተከፈተች። ለቀቅ ስታደርገው ተዘጋች። ደግማ ሳበችው።

«እሷ ናት ዋናዋ» አለ ባለሱቁ። «ሰው ተክል በብርድ ብቻ የሚሞት ይመስለዋል። ላስቲክ ቤት ውስጥ ግን በሙቀት ነው የሚያልቀው። ጠዋት ይከፍታሉ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ይዘጋሉ፤ በቃ። ደግሞ የሚያቆሙበት ቦታ የጠዋት ፀሐይ ያግኝ፣ ከሰዓት ጥላ ካለውማ ሌላ ምን ይፈለጋል።»

ቦታው ዓይኗ ላይ መጣላት፤ ልብስ ማስጫው ጋ፣ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ከሰዓት ጥላ የሚጥልበት። ደስ አላት። እቤት እስክትደርስ ድረስ እጇ ገመድ እንደያዘ ነበር የሚሰማት።

ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልገዛችውም? እኔም ይሄን ጥያቄ ባነሳሁ ቁጥር ይቆጨኛል። «ባለቤቴን ይዤ ልመለስ» ብላ ወጣች። ያስለመዷት እንደዚያ ነዋ! ሳሙና ካልሆነ በቀር ብቻዋን ገዝታ አታውቅም።

በነጋታው ባሏን ይዛ ሄደች። እሱ ግሪንሃውሷን ዞራት፣ እንደታመመ ፍሪጅ ነካካት፣ ቧንቧዋን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረጋት። ከዚያ ቀና ሲል መስኮቷን አየ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የአየር መውጫ ነው ጋሼ» አለ ባለሱቁ።

«ቤት ሠርተህ ስታበቃ መልሰህ ትቀደዋለህ?»

«እሱ እኮ ነው ዋናው» አለች እታበባ። «ሙቀቱ ካልወጣ ችግኙ...»

«ሙቀት እንዲኖረው አይደል እንዴ የምንገዛው? ሙቀቱን አስገብተን በጣሪያ ልንሸኘው ነው?» አለና ባለሱቁን ጠቀሰው። «ገንዘቤን ከፍዬ ቀዳዳ ልግዛ?»

ባለሱቁ ሳቀ። ያ ወንበር ስቦ ያስረዳት ሰውዬ፣ ነገሩ ወንድ ለወንድ ሲሆን ሳቀ። «ባለሙያ መሆንዎ ያስታውቃል ጋሼ» አለ። ወደሷ ዘወር ብሎ አንዲት ቃል እንኳ አልጨመረም።

«ተይው እመቤት» አላት ባሏ ሲወጡ፣ ትከሻዋን አቅፎ። «እኔ እያለሁ የሱቅ ላስቲክ? ከዚህ መቶ እጅ የሚሻል እሠራልሻለሁ።»

ሠራላትም። ውሸት አይነገርም። ቱቦላሬውን ለክቶ ቆርጦ በየደ፣ ዝገት እንዳይበላው ቀለም ቀባ። ላስቲኩን አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ድርብ አደረገው፣ መሀሉ አየር የታፈነበት፣ ልክ እንደ ፍሪጅ ግድግዳ። መጋጠሚያውን ሁሉ በሲሊኮን አጠጣው። በሩማ ጉድ ነው! ከአንድ ከተዘጋ ሥጋ ቤት የማቀዝቀዣ ክፍል በር አምጥቶ ቆርጦ አሳጥሮ ገጠመው፤ ያ ዱላ የሚያክለው እጀታው፣ ያ ወፍራም ጎማው ሳይቀር። ጠዋት ፉጨት እያፏጨ ይነሳል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ የነበረ ሰው እንደ ጎረምሳ መሰላል ላይ ሲወጣ ስታየው አንጀቷ ይራራል፤ አፏ ላይ የደረሰውን ትውጠዋለች።

ሁሉንም ግን አልዋጠችም፤ ይሄን ልብ በሉልኝ። ሲለካ ነገረችው፦ «ጣሪያው ላይ የሚከፈት ነገር ይኑረው።» ሲበይድ ነገረችው። ምሳ አቅርባ፣ ውሃ እየቀዳችለት ነገረችው። «እሺ፣ እናየዋለን» ይላል፣ ዓይኑ ብረቱ ላይ እንደሆነ። ልብስ ማስጫው ጋ ይሁንልኝም ብላው ነበር።

«ከሰዓት ጥላ አለው» አለችው።

«ፀሐይ ፈልገሽ ጥላ? አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?»

አቆመው መሀል ግቢ፣ ፀሐይ ስትወጣም ስትገባም የምታገኘው፣ በአጥሩ በር የሚያልፍ ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ። ያለቀ ዕለት ጎረቤት ጠራ። ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ አጥር የምትጋራቸው፣ መነጽሯን አድርጋ መጣች። ባሏ ከኪሱ ወረቀት አወጣ፣ በሩ ላይ አጣብቆ ዘጋበት፣ «በሉ ይሳቡት!» አላት። አስተማሪዋ ሳበችው፤ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልወጣም። ሰዉ አጨበጨበ።

«ምን ያለ ባል ነው!» አለች አስተማሪዋ ወደ እታበባ ዞራ። «የኔ ነፍሱን ይማረውና ምስማር እንኳ መትቶልኝ አያውቅም። አንቺስ ታድለሻል።»

እታበባ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ዘሩን በሙሉ አፈሰሰችው። ለከርሞ ብታስቀር ለከርሞ አይበቅልማ። አፈሩን ነፍታ፣ ፍግ ቀላቅላ፣ በየኩባያው አንድ አንድ አድርጋ ዘራች። ብዙው አርጅቶ ቀረ፤ የተረፈው ግን ብቅ አለ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ገና እንደተወለደ ነገር። ሰማዩ ደመና በነበረበት ሰሞን ቤቱ እውነትም ተአምር ሠራ። ውጭ ውርጭ ሲጥል ውስጥ ችግኞቹ ይፋፋሉ። የቲማቲሙ ቅጠል ሲዳሰስ የእህቷ ጓሮ ይሸታል። እታበባ በርጩማ አስገብታ አጠገባቸው ትቀመጥና ታወራቸዋለች፤ እህቷን የምታወራ ይመስላታል።

«አላልኩሽም?» ይላል ባሏ በር ላይ ቆሞ። «አየሽ ሙቀቱን?»

ከዚያ ሰማዩ ጠራ።

ፀሐይዋ ገና ረፋድ ላይ ቤቱን ማጋል ጀመረች። ላስቲኩ ከውስጥ አላበው፣ ውሃው ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል። ስትገባ የሚቀበላት አየር የፋብሪካው የካውያ ክፍል አየር ነው፣ ልብ የሚያፍነው። ባሏ የሰቀለው የፍሪጅ ቴርሞሜትር እኩለ ቀን ሳይደርስ መርፌው ጥግ ይመታል፤ የፍሪጅ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ቁጥር የለውም። «ጥሩ ነው፣ ሞልቷል» ይላል እሱ፣ ባትሪ ቻርጅ ያደረገ ይመስል።

በሩን በጡብ ደግፋ ትከፍተዋለች። ወጥ ቤት ደርሳ ስትመለስ ጡቡ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል፣ በሩ ተዘግቷል።

«ማን ዘጋው?»

«ረስተሽው ሄደሽ! ብርዱ ገብቶ ሊጨርስልሽ ነበር እኮ። ደግነቱ አየሁት።»

«አልረሳሁትም። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ታፍነዋል።»

«ተክል ይታፈናል እንዴ? አፍንጫ አለው?» ብሎ ሳቀ። ስታኮርፍ ደግሞ ሻይ አፍልቶ አመጣላት። ከእንዲህ ያለው ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?

እንዲህ በመክፈትና በመዝጋት ሲጓተቱ ሰነበቱ። የችግኞቹ የቅጠል ጫፍ መጠቅለል ሲጀምር እታበባ የልብስ መቀሷን ይዛ በርጩማው ላይ ቆመች። ጣሪያውን በሦስት ጎን ቀደደችው፣ ሁለቱንም ድርብ፣ ቀጥ ባለ መስመር፤ እጇ ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረ ነው። ጠርዙን አጥፋ ሰፋችው፣ ገመድ አሰረችበት። ገመዱን ስትስበው ትኩሱ አየር ከጆሮዋ አጠገብ ሽው ብሎ ወጣ። ችግኞቹ ማምሻውን ቅጠላቸውን ዘረጉ። ራሷ መርጣ ራሷ የሠራችው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው፤ ያን ማታ እንቅልፏ ሰላማዊ ነበር።

ባሏ ሲያየው አልጮኸም። ቢጮህ ምን ነበረበት! ቀዳዳው ሥር ቆሞ ቀና ብሎ አየ፣ አየ፣ ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«በመቀስ?» አላት። «የደከምኩበትን በመቀስ? ምነው፣ ምን በደልኩሽ?»

«አየር ነው ያጡት። አንዴ ስማኝ...»

«አላማረሽም ነበር ማለት ነው። ንገሪኝ፤ ከመጀመሪያው አላማረሽም ነበር።»

ምሳ አልበላም፤ ራትም አልበላም። በነጋታው ሰላምታው ከአንገት በላይ ነው። እሷ እንደ ወንጀለኛ በራሷ ቤት በእግር ጣቷ መሄድ ጀመረች። በኋላ መሰላሉን ይዞ ሲወጣና ቀዳዳውን በትርፍ ላስቲክና በሲሊኮን ሲደፍነው አየችው። ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም አለች። እኔ እንደሆንኩ ይሄን ተረት አልወደውም፤ ስንቱን ነገር ያነቀዘው ዝምታ ነው።

እሁድ የባሏ የወንድም ልጅ ሠርግ ነበር። ጠዋት ለብሳ ተጫምታ፣ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና እንደሌለ ስታይ ተመልሳ የግሪንሃውሱን በር ከፈተች፣ በጡብም ደገፈችው። ታክሲው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ባሏ ቁልፍ ረሳሁ ብሎ ወደ ግቢ ተመልሶ ገብቶ ወጣ። እሷ ታክሲ ውስጥ ነበረች፤ አላየችውም።

አዳራሹ ሞልቷል። ባሏ ክራቫቱን አላልቶ ከወንድሞቹ ጋር ይጨፍራል። እታበባ ላቧን እየጠረገች፣ «እንኳን በሩን ከፍቼው መጣሁ» አለችው ጠረጴዛው ጋ ሲመለስ፣ ለወሬ ያህል።

«ዘጋሁት እኮ» አላት። «ቤት ክፍት ትቶ ሰው ይሄዳል?»

እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ተነስ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት። አሁኑኑ።»

«ሙሽሮቹ ሳይነሱ? ለቲማቲም ብለሽ? ኧረ የሰው መሳቂያ አታድርጊኝ!» አለና ለወንድሙ ሚስት ጮክ ብሎ ነገራት፤ ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። «ቁጭ በይ እታበባ፣ ቲማቲም ገበያ ሞልቷል» አለቻት ሴትየዋ፣ ትከሻዋን ወደታች ጫን አድርጋ። ብቻዋን መሄድ ትችል ነበር። ታክሲው ውጭ ተደርድሯል። ሰው ምን ይለኛል ብላ ተቀመጠች፤ እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር ያላለችውም ለዚህ ነው።

ሲመለሱ ፀሐይዋ አዘንብላ ነበር። እታበባ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ግሪንሃውሱ ሄደች፣ እጀታውን በሁለት እጇ ጎተተችው፤ ጎማው ጧ ብሎ ለቀቀ። የወጣው አየር ፊቷን ለበለባት። ችግኞቹ ሁሉም ተኝተዋል። የጠወለገ እኮ ውሃ ሲያገኝ ይነሳል፤ እነዚህ ግን ተቀቅለዋል። ቅጠሉን ስትነካው ጣቷ ላይ ላሽቆ ተለጠፈ። ግንዳቸውን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ አንዱ ሥሩ ላይ አረንጓዴ የቀረው መሰላት። ያንን ወደ ጥላ አወጣችው፣ ውሃ አርከፈከፈችለት፣ ቀን ቀን እየተመላለሰች አየችው። እሱም ሻገተ።

ከሠርጉ የተመለሱ ዕለት ግን ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

«ዘሩ አርጅቶ ነው» አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉታል ይሄን።

እታበባ ዞረች። «ገደልካቸው» አለችው። «የእህቴን ጨረስክብኝ።»

«እኔ?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «እኔ ለማን ብዬ ነው በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ላይ የወጣሁት? ለራሴ ነው? እኔ ቲማቲም እንኳ አልወድ!» ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የእውነት እንባ። ወገቡን ይዞ አፈሩ ላይ ቁጭ ሲል እሷ ደነገጠች። «ተው በቃ፣ አታልቅስ፣ ምንም አይደል» አለችው። የሞተባት እሷ፣ አስተዛዛኟም እሷ ሆነች። ራሱን ደባብሳ አስገባችው፤ ለራሷ ማልቀሻ ጊዜ አልተረፋትም።

ሰፈሩ ሰማ። «ያን ያህል ሠርቶላት እጇ አልቀና አለ» ተባለ። አስተማሪዋ አጥር ላይ ተንጠልጥላ፣ «አይዞሽ፣ ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ ነው» አለቻት። እታበባ ብልቃጡ ባዶ መሆኑን ማስረዳት አልጀመረችም። ከዚያ በኋላ ግሪንሃውሱ ውስጥ አልገባችም። ባሏ ቀስ በቀስ የሞቱ ኮምፕረሰሮች፣ የፍሪጅ መደርደሪያ፣ የጎማ ጥቅልል አስገባበት። «ደረቅ ነው፣ ጠብታ አያስገባም» ይላል ለሚጠይቀው።

ውርጩ ዞሮ ሲመጣ አስተማሪዋ ለሰላጣና ለቃሪያ የሚሆን ትንሽ ግሪንሃውስ እንዲሠራላት ለመነችው። ደስታው ወሰን አጣ። እታበባም ዕቃ ልታቀብለው አብራው ሄደች፤ ጡረተኛ ባል ከመሰላል ቢወድቅ የሚያነሳው ማን ነው? ቱቦላሬው ቆመ፣ ላስቲኩን ለበሰ። ቦታው ከሰዓት ጥላ ያለበት፣ አጥር ሥር ነው። ባሏ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ጣሪያውን በእርሳስ አራት ማዕዘን አሰመረበትና መቁረጥ ጀመረ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለች አስተማሪዋ ደንግጣ። «ይቀዱታል?»

«መስኮት ነው!» አለ ከላይ ሆኖ፣ አስተማሪን እያስተማረ በመሆኑ ኮራ ብሎ። «ሰው ተክል በብርድ ብቻ የሚሞት ይመስለዋል። ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ሙቀቱ ካልወጣ ችግኙ ይቀቀላል። ጠዋት ይከፍታሉ፣ ማምሻውን ይዘጋሉ፤ በቃ።»

«ወይ ዕውቀት!» አለች አስተማሪዋ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባል እንኳ ለዚህ ያንሳል። እታበባ መሰላሉን እንደያዘች ነበር። አስተማሪዋ ሻይ ልታመጣ እስክትገባ ጠበቀች።

«ይሄን ማን ነገረህ?» አለችው።

«የቱን?»

«የመስኮቱን።»

«ፀጉር ቤት አንድ ሰውዬ አግኝቼ፣ አበባ እርሻ ላይ ነው የሚሠራው። በጣም የሚገርም ሰው ነው። አንዴ ሲያስረዳኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ቁጭ አለልኝ።»

«እኔ ነግሬህ ነበር።»

ባሏ መቁረጡን አቆመ። ከመሰላሉ ሁለት ደረጃ ወርዶ ፊቷን አየ። ለማስታወስ ሞከረ፤ ግንባሩ ተቋጠረ፣ ዓይኖቹ ወዲያ ወዲህ አሉ፣ የእውነት ፈለገ። እሷም ፊቱን እያየች ጠበቀች። ሱቁን፣ ምሳውን፣ ጡቡን፣ መቀሱን አንዱን እንኳ እንዲያገኝላት በልቧ ለመነችው።

«አንቺ?» አላት በመጨረሻ፣ በቅን ልቦና። «መቼ?»

አልዋሸም። ቢዋሽ ኖሮ ምንኛ ደስ ባላት! ለውሸታም መልስ አለው፤ ይጮኹበታል፣ ያጋልጡታል፣ እቤት ጥለውት ይወጣሉ። ይሄ ሰው ግን የሚደብቀው ነገር የለውም። አርባ ዓመት ሙሉ የተናገረችውን ሁሉ እዚያ ግንባር ውስጥ ፈልጎ አላገኘውም።

«ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮማ እሠራልሽ አልነበር?» አላት፣ ጉንጯን በአቧራማ እጁ ነካ አድርጎ። «በይ ያንን ማጠፊያ አቀብይኝ፣ የኔ እመቤት።»

አቀበለችው።